በክረምት የተቆጠበ ውኃ

ነሐሴ ተጋምሶ ሳለ ደመናው በላስታ ተራሮች ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ወደ ቆላው ሳይወርድ ሁለትና ሦስት ሳምንት በሚቈይበት ጊዜ፣ በራያ ቆቦ ሜዳ ከማሽላ እርሻ ዳር በቀትር የሚቆም ሰው፣ ያን እርሻ ማለዳ አይቶት እንደ ሆነ ያው መሆኑን ይጠራጠራል። ማለዳ ጠል ተሸክሞ ሰፊ ሆኖ የነበረው ቅጠል፣ ፀሐይ ከዞብል ተራራ ተነሥታ ከራስ በላይ ስትደርስ፣ ከግራና ከቀኝ ጠርዙ ወደ መካከሉ ተጠቅልሎ ቀጥኗል፤ በቅጠሉ ጥላ ተሸፍኖ የነበረው መሬት ተገልጦ ስንጥቁ ይታያል፤ አገዳውን የጨበጠ እጅም ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይዞ ይመለሳል። ለማያውቅ መንገደኛ ይህ ሁሉ የሞት ምልክት ይመስለዋል። የእርሻው ባለቤት ግን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቅጠሉ እንደሚፈታ፣ በማግሥቱም ማለዳ እንደ ትናንቱ ተዘርግቶ እንደሚያገኘው ስለሚያውቅ በቀትሩ መጠቅለል አይደነግጥም፤ የሚደነግጠው ቅጠሉ ሌሊቱን አድሮ ሳይፈታ የቀረ እንደ ሆነ ነው።

እንስሳ ጥም ሲጸናበት ወደ ምንጭ ይወርዳል፤ ሰውም ሰማይ ሲጨክንበት ልጁን አዝሎ ቀዬውን ጥሎ ይሰደዳል። ተክል ግን ሐሩሩንም ቍሩንም፣ ጎርፉንም ድርቁንም ሥሩን በሰደደበት በዚያው ስፍራ ቆሞ ይቀበላል። የመሸሽ ኀይል ያልተሰጠው ይህ ፍጥረት የመሰናዳት ኀይል ተሰጥቶታል፤ የዕፀዋትን የሕይወት ሥርዓት የሚመረምሩ ሊቃውንት ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ ሲያጠኑት የኖሩትም ይህንኑ መሰናዶ ነው። ይህ ጽሑፍ ለቆላው ሕዝባችን እንጀራና ቂጣ፣ ንፍሮና ጠላ ሆኖ ስለሚኖረው ስለ ማሽላ የሚናገር ሲሆን፣ ሊያስረዳ የሚፈልገው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም በድርቅ ቀን የሚታየው ጽናት የሚሠራው አስቀድሞ፣ ዝናም ሲዘንብ በነበረበት ወራት መሆኑን ነው።

ረሃብና ጥም

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን አራቱ ባሕርያት የሚሏቸው መሬትና ውኃ፣ ነፋስና እሳት በአንድ የማሽላ ቅጠል ተገናኝተው ሲሠሩ ይታያሉ። ውኃው ከመሬት በሥር በኩል ይወጣል፤ ከነፋሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባል፤ የፀሐይ እሳት እነዚህን ሁለቱን አዋሕዶ ስኳር ያደርጋቸዋል፤ ይህም የሕያዋን ምግብ መሠረት የሆነው ብርሃን አስተፃምሮ ነው። ነገር ግን ተክሉ የሚፈልገው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዐሥር ሺህ እጅ አየር ውስጥ አራት እጅ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ይህን ጥቂቱን ለማግኘት ቅጠሉ ስቶማታ የሚባሉትን ዓይን የማይለያቸውን እልፍ ቀዳዳዎች መክፈት ግድ ይሆንበታል፤ እነርሱም በተከፈቱ ጊዜ በቅጠሉ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ደረቁ አየር እየተነነ ይወጣል። ቀዳዳው ቢዘጋ ረሃብ፣ ቢከፈት ጥም ነው፤ የዕፀዋትም ኑሮ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሲመዛዘን የሚኖር ኑሮ ነው።

ይህን ነገር አስቀድሞ በሚዛን መዝኖ ያሳየው ስቲቨን ሄልስ የተባለ እንግሊዛዊ ካህን ነው። እርሱም በሸክላ ያበቀለውን የፈረንጅ ሱፍ፣ ከአፈሩ ምንም እንዳይተን ከድኖ፣ ማለዳና ማታ እየመዘነ በቅጠሉ በኩል የሚወጣውን ውኃ ለካ፤ ያገኘውንም እ.ኤ.አ. በ1727 ባሳተመው መጽሐፍ ገለጠው። ከእርሱ በኋላ የተነሡት ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ ተክል በሥሩ ከሚመጥጠው ውኃ ከመቶው ዘጠና ሰባት እጅ የሚበልጠው በቅጠሉ በኩል ተንኖ የሚጠፋ ሲሆን፣ በአካሉ ውስጥ የሚቀረው እጅግ ጥቂቱ ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይም ብሪግስና ሻንትዝ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በደረቁ የኮሎራዶ ሜዳ አዝርዕትን እያነጻጸሩ በለኩ ጊዜ፣ አንድ ኪሎ ደረቅ አካል ለማፍራት አልፋልፋ ከስምንት መቶ ኪሎ የሚበልጥ፣ ስንዴ አምስት መቶ ያህል ውኃ ሲፈልጉ፣ ማሽላ በሦስት መቶ ገደማ እንደሚበቃው አገኙ።

ሐሩር ያስተማረው ጥበብ

ይህ ቁጠባ ከወዴት መጣ ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱ በከፊል በትውልድ አገሩ ይገኛል። የማሽላ የትውልድ ስፍራ ከእኛ የራቀ አይደለም፤ በምሥራቅ ሱዳን ከከሰላ አካባቢ በተገኘ ጥንታዊ የሸክላ ስብርባሪ ላይ የታተመው የእህሉ ቅርጽ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3000 ዓመት አስቀድሞ ሰው ይህን ዘር ማላመድ ጀምሮ እንደ ነበረ ይመሰክራል። በዚያ ሜዳ ፀሐዩ ብርቱ፣ ዝናሙም አጭር ስለ ሆነ፣ በዚያ ሊኖር የሚወድ ተክል ሁሉ ሐሩርን የሚችልበት ሥርዓት ያስፈልገዋል።

በስንዴ፣ በገብስና በባቄላ ቅጠል ውስጥ ካርቦኑን የሚቀበለው ሩቢስኮ የሚባለው ኤንዛይም ሲሆን፣ ይህ ኤንዛይም አንዳንድ ጊዜ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋንታ ኦክስጅንን ይይዛል፤ ሙቀቱም በጨመረ ቍጥር ስሕተቱ እየበዛ፣ ተክሉ በብዙ ድካም ያገኘውን ካርቦን መልሶ ያጣዋል። በማሽላ ግን ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። በቅጠሉ ውጫዊ ህዋሳት ያለ፣ ኦክስጅንን በስሕተት ከቶ የማይዝ ሌላ ኤንዛይም ካርቦኑን ይይዝና አራት ካርቦን ባለው አሲድ አድርጎ በቅጠሉ ጅማት ዙሪያ ወደ ተደረደሩት ውስጣዊ ህዋሳት ያሳልፈዋል፤ በዚያም ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ተከማችቶ ስለሚለቀቅ ሩቢስኮ ሳይሳሳት ይሠራል። ይህን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1966 ሃችና ስላክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአውስትራሊያ በሸንኮራ አገዳ ላይ መርምረው አብራሩት፤ በቆሎም፣ የእኛው ጤፍም የዚሁ ሥርዓት ተካፋዮች ናቸው። ከዚህም የተነሣ ማሽላ ቀዳዳዎቹን ጥቂት ብቻ ከፍቶ የሚበቃውን ምግብ ያገኛል።

በውጭና በውስጥ የሚደረግ ተጋድሎ

ከላይ በቆቦው እርሻ ያየነው ሁሉ አሁን ፍቺውን ያገኛል። በእያንዳንዱ የስቶማታ ቀዳዳ ዳርና ዳር ሁለት ዘብ ህዋሳት አሉ፤ ፖታሺየምና ውኃ ሲገባባቸው አብጠው ቀዳዳውን ይከፍታሉ፣ ሲወጣባቸው ሟሽሸው ይዘጉታል። መሬቱ ሲደርቅ አብሲሲክ አሲድ የሚባለው ሆርሞን በአካሉ ውስጥ ይበዛል፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ራይትና ሂሮን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህ ሆርሞን በጠወለገ የስንዴ ቅጠል ውስጥ በጥቂት ሰዓት ብዙ እጥፍ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ሆርሞኑ ወደ ዘቦቹ በደረሰ ጊዜ ፖታሺየሙ ይወጣል፣ ቀዳዳውም ይዘጋል። እጅ ላይ የሚቀረው ነጭ ዱቄት ደግሞ የማሽላው ሰም ነው፤ ቀዳዳዎቹ ከተዘጉ በኋላ በቅጠሉ ቆዳ በኩል ሾልኮ የሚወጣውን እርጥበት ይገታል፣ ብርቱውንም ብርሃን ይመልሳል። የቅጠሉም መጠቅለል ከላይኛው ገጽ ያሉት ትልልቅ ህዋሳት አስቀድመው ውኃቸውን ስለሚያጡ የሚሆን ነው፤ ቅጠሉ በተጠቀለለ መጠን ለፀሐይና ለነፋስ የሚገለጠው ገጽ ያንሳል።

ከዓይን የተሰወረው ተጋድሎ ግን ከዚህም ይበልጣል። በህዋሳቱ ውስጥ ስኳርና ፕሮሊንን የመሳሰሉ ሟሚዎች ይከማቻሉ፤ እነርሱም ውኃውን አጥብቀው ስለሚይዙት ህዋሱ መሬቱ እየደረቀ እንኳ ሙሉነቱን ሊጠብቅ ይችላል። ከላይ ያለው አካል ማደጉን ሲያቆም፣ ሥሩ ከታች ያለውን እርጥበት እየተከተለ ወደ ጥልቁ መውረዱን ይቀጥላል። ማሽላ ገና ዛላውን ለማውጣት ያልደረሰ እንደ ሆነ ዕድገቱን ሁሉ ገትቶ ሳምንታት መቆየት ይችላል፤ ዝናም በመጣ ጊዜ ደግሞ ነፍስ ዘርቶ ካቆመበት ይቀጥላል። በቆሎ ይህን ያህል ትዕግሥት የለውም፤ በቆላ ዝናሙ አስተማማኝ ባልሆነበት ስፍራ አራሹ ማሽላን የሚመርጠው ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ መከራ ተክሉን መራራም ያደርገዋል። የማሽላ ቡቃያ በውስጡ ዱሪን የሚባል ነገር አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ደንስታንና ሄንሪ የተባሉ ኬሚስቶች ከቡቃያው ለይተው አወጡት። ቅጠሉ ሲታኘክ ዱሪን ተፈትቶ ሳያናይድ የተባለውን ብርቱ መርዝ ይለቃል፤ በጥም የቀጨጨ ቡቃያ ደግሞ ይህን ነገር አብዝቶ ይይዛል። እረኛው ዝናም ተቋርጦ የቀጨጨ የማሽላ ማሳ ሲያይ ከብቱን አጥብቆ የሚያርቀው፣ የኬሚስቶቹን መጽሐፍ ሳያነብ ይህን በኑሮ ስላወቀው ነው።

ወዳጅ ሲጠራ ጠላት ይሰማል

ሰኔና ሐምሌ ላይ፣ ማሽላው ከጕልበት በታች ሳለ፣ አራሹ በሬዎቹን ጠምዶ በቡቃያው መካከል ሽልሻሎ ሲያርስ የሚያይ እንግዳ ሰው፣ የራሱን እህል በገዛ እጁ የሚያጠፋ ይመስለዋል። ይህ ግን የቆየ ጥበብ ነው፤ ማረሻው አረሙን ይነቅላል፣ የደደረውን የመሬት ቅርፊት ሰብሮ ዝናሙ እንዲሰርግ ያደርጋል፣ ጥቅጥቅ ያለውንም ቡቃያ ያሳሳዋል፤ ቡቃያው በሳሳ መጠን ለቀሩት የሚደርሳቸው ውኃ ይጨምራል።

ነገር ግን ከማረሻው የሚያመልጥ አንድ ጠላት አለ። መሬቱ በተጎሳቆለበት፣ ፍግ በራቀበት እርሻ፣ ከማሽላው እግር ሥር ሐምራዊ አበባ ያላት አቀንጭራ ትወጣለች፤ ውብ ናት፣ ነገር ግን ሥሯን በማሽላው ሥር ላይ ተክላ ውኃውንና ምግቡን የምትመጥ ጥገኛ ናት። ዘሯ እንደ ትቢያ የደቀቀ ሲሆን፣ አንዲቱ አቀንጭራ በአሥር ሺሆች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፤ ያም ዘር ማሽላ በአቅራቢያው እስኪበቅል ድረስ ከዐሥር ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ተሰውሮ ሊቆይ ይችላል። እንዴት ያውቃል ቢባል፣ ምሥጢሩ በማሽላው በራሱ ችግር ውስጥ ነው። ፎስፈረስ ያነሰው ሥር ስትሪጎላክቶን የሚባሉ ነገሮችን ወደ አፈሩ ያፈስሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ይህ ከሥር ጋራ ተጣምረው የሚኖሩትን፣ ፎስፈረስ ፈልገው የሚያመጡለትን ፈንገሶች የሚጠራበት መልእክት ነው። አቀንጭራም ይህንኑ መልእክት ሰምታ ትነቃለች።

ይህን እንቆቅልሽ በመፍታት ረገድ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው የወሎንኮሚው ተወላጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ነው። በጅማና በአለማያ ተምሮ፣ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርጉን ያገኘው ይህ ሊቅ፣ ከባልደረቦቹ ጋራ የአቀንጭራን ዘር የሚቀሰቅሰውን ነገር ጥቂት ብቻ የሚያፈስሱ የማሽላ ዘሮችን ለይቶ፣ ከእነርሱም አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎች አስገኘ፤ ጎቢዬና አብሽር የተባሉትም በአገራችን ለአራሹ ተዳርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት የተሰጠው ስለዚህና ድርቅን ስለሚችሉ የማሽላ ዘሮች ስለ ደከመው ድካም ነው። ከዚህ ነገር የምንረዳው፣ ለመከራ የተዘጋጀ መከላከያ ሁሉ ዋጋ የሚከፈልበት መሆኑን ነው፤ ቀዳዳ መዝጋት ረሃብ ያመጣል፣ ሥርን ማስረዘም ከፍሬው ይቀንሳል፣ ወዳጅን መጥራት ጠላትን ያነቃል። ስለዚህ ጽናት የሚገኘው በመጠን ነው፤ መጠንም በየአገሩ ሰማይና አፈር ይለያያል።

ከወላድ አፈር ወደ ባዕድ አገር

ማሽላን አብዝቶ የሚጎዳው ድርቅ ዝናሙ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቀድሞ ወጥቶ፣ ዛላው አብቦ ፍሬው ሊሞላ ሲል የሚመጣው ነው። በዚህ ጊዜ ዕድገትን ማቆም አይቻልም፤ ቅጠሎቹ ከታች ጀምረው ይደርቃሉ፣ ፍሬው ሳይሞላ ይሟሽሻል፣ አገዳውም ደክሞ ይወድቃል። ነገር ግን በዚሁ መካከል ቅጠላቸው ለምልሞ፣ አገዳቸው ቆሞ፣ ፍሬያቸውን የሚፈጽሙ ጥቂት ዘሮች ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ፣ ዱራ ከሚባለው ወገን የሆነ የኢትዮጵያ ማሽላ፣ በዓለሙ የማሽላ ስብስብ መዝገብ አይ ኤስ 12555 የሚል ቍጥር ተሰጥቶት ወደ አሜሪካ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1963 በቴክሳስ የተጀመረው ሥራ ረጃጅሞቹንና ዘግይተው የሚያብቡትን የሐሩር አገር ማሽሎች ለዚያ አገር እርሻ አጭርና ፈጣን ማድረግ ነበር፤ ከዚህ ከኢትዮጵያው ዘርም ቢ 35 የተባለው መስመር ተገኘ። ዳረል ሮዝኖው የተባለው አዳቃይ በቴክሳስ እርሻ ላይ የቢ 35ን ቅጠል በድርቅ መካከል ሳይደርቅ ሲቆይ አይቶ ወላጅ አደረገው፤ ዛሬ ድርቅን የሚችል ማሽላ በሚዳቀልበት አገር ሁሉ ይህ ዘር የታወቀ ነው።

ቅጠሉ ስለ ምን እንደማይደርቅ ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጀ። አንዳንዶች ሥሩ ጠልቆ ሌላው ያልደረሰበትን ውኃ ያገኘ እንደ ሆነ፣ ሌሎችም ቅጠሉ ያለ ውኃ የሚኖርበት ልዩ ኀይል ያለው እንደ ሆነ ገመቱ። በአውስትራሊያ በኩዊንስላንድ አንድሩ ቦሬልና ባልደረቦቹ ተክሉን ከመነሻው ጀምረው በተከታተሉት ጊዜ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳተሙት፣ ዋናው ነገር የተደረገው ድርቁ ሳይመጣ ነው። ይህን ጸጋ የያዙት ማሽሎች ገና ውኃ በሞላበት ወራት ከጎናቸው የሚያወጡት ቀንበጥ ጥቂት፣ የላይኛው ቅጠላቸውም አነስ ያለ ነው፤ ስለዚህ አበባ እስኪያወጡ ድረስ ከአፈሩ የሚጠጡት ውኃ ከሌሎቹ ያነሰ ሲሆን፣ በአፈሩ የተረፈው ውኃ ዝናሙ ከወጣ በኋላ ፍሬውን ይሞላላቸዋል። ክረምት ሳይገባ፣ ጎተራው ሙሉ ሳለ፣ የየቀኑን እህል በቍና ሰፍራ የምታወጣ ብልህ እመቤት ሐምሌ ላይ ልጆቿን እንደምታበላ እንዲሁ ነው። የጎረቤቱ ማሽላ በነሐሴ ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቶ የበለጠ ያማረ ይታያል፤ ጥቅምት ላይ ግን ፍርዱ ይገለበጣል።

እንግዲህ ይህን ዘር ማን መረጠው? ከቴክሳስና ከኩዊንስላንድ በፊት፣ ስሙ በመዝገብ ያልተጻፈ የኢትዮጵያ አራሽ መረጠው። ኅዳር ላይ አጨዳ ሳይጀመር አባትና ልጅ በቆመ ማሽላ መካከል እየተዘዋወሩ ለዘር የሚሆን ዛላ ሲለዩ፣ ልጁ የማሳው ዳር ላይ ያለውን ትልቁን ዛላ ይዞ፣ «አባዬ፣ ይኼኛው አይሻልም?» ቢለው፣ አባቱ፣ «እሱ ጎርፍ ከሚገባበት ቦይ ዳር ቆሞ ያደገ ነው፤ ውኃ ጠግቦ ትልቅ መሆን ምን ያስመካዋል ልጄ? ያንን ከጭንጫው ላይ ያለውን እይ፤ ዛላው መካከለኛ ነው፣ ቅጠሉ ግን እስካሁን አልረገፈም፤ እርሱን ቍረጥ» ይለዋል። የተመረጠውም ዛላ ነቀዝ እንዳይደርስበት ከምድጃው በላይ ጢስ በሚነካው ስፍራ ተሰቅሎ እስከ ሚያዝያ ይቆያል። ይህ ምርጫ በየዓመቱ፣ በየቤቱ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲደጋገም፣ በዘሩ ውስጥ የተከማቸው ማስተዋል በብራና የተጻፈ ያህል የጸና ሆነ።

ነገር ግን ይህ ሀብት ሊጠፋም ይችላል። በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ድርቅና ረሃብ በጸና ጊዜ፣ ለዘር ያስቀመጠውን ሳይቀር የበላ ቤተ ሰብ ብዙ ነበር፤ ዘሩ ከተበላ ደግሞ ዝናም ቢመለስም የሚዘራው ነገር ከውጭ የመጣ፣ አገሩን የማያውቅ እህል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘረ መል ማዕከል፣ በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት በየአገሩ እየዞረ ዘር የሰበሰበው እንዲህ ያለውን ጥፋት በመፍራት ነው። ዶክተር መላኩም ዘሩ በቀዝቃዛ ክፍል መቀመጡ ብቻ እንደማይበቃ፣ በአራሹ እጅ፣ በአራሹም ማሳ እየተዘራ ከሰማዩና ከአፈሩ ጋራ እየተለዋወጠ መኖር እንዳለበት አጥብቆ አስተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው የክብር ሽልማት የተሰጠው ስለዚህ አገልግሎት ነው።

ይህ ትምህርት ዛሬ ከቀድሞ ይልቅ ያስፈልገናል። ዓለሙ እየሞቀ ሲሄድ የዝናሙ ወራት ልማዱን ይለውጣል፤ ማንኛውም ምርምር አዲስ ጽናትን ከምንም ሊፈጥር አይችልም፣ በዘር ውስጥ ያለውን አግኝቶ ማዋሐድ ብቻ ነው የሚችለው። ስለዚህ በቆላው አራሽ ጎጆ ጢስ ላይ የተሰቀለው ዛላና በመልካሳ ምርምር ጣቢያ የሚዳቀለው ማሽላ አንዱ የሌላው ደጋፊ ናቸው፤ የዘር ባንኩ ያለ አራሹ የሞተ ቤተ መዛግብት ይሆናል፣ አራሹም ያለ ዘር ባንኩ በአንድ ክፉ ዓመት የአባቶቹን ሀብት ያጣል። መንግሥትም ሆነ ማኅበር፣ ተማሪም ሆነ ገበሬ፣ ዝናም በበዛበትና እህል በረከሰበት ዓመት የአካባቢውን ዘር መሰብሰብ፣ መዝግቦ መያዝ፣ በማሳም እያደሱ ማቆየት ይገባዋል፤ ድርቁ ከገባ በኋላ የሚጀመር ጥበቃ እህል ማደል እንጂ ዘር መጠበቅ ሊሆን አይችልምና። ማሽላው በነሐሴ ያደረገውን እኛ በጥጋባችን ዓመት ካላደረግን፣ በችግራችን ዓመት ልናደርገው አንችልም።